ከሁሳር ወደ ጎጃም ፈረሰኛ፦ በደብረ ማርቆስ የተሠሩ 12 ትንንሽ ፈረሰኞች የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ አንድ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር፣ አንድ የሥዕል መምህርና ጥቂት ጓደኞቻቸው በደብረ ማርቆስ ከተማ 12 የጎጃም ፈረሰኞችን ለጠረጴዛ ላይ የጦር ጨዋታ እንዴት እንዳዘጋጁ የሚያስረዳ የጉዳይ ጥናት ነው። ጨዋታው በታሪክ የታወቀን ውጊያ በጠረጴዛ ላይ በተሠራ መልክዓ ምድር የሚደግም ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ጭፍሮቻቸውን በመለኪያ ሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ፤ የተኩሱንና የግጥሚያውን ውጤት ደግሞ ዳይስ በመጣል ይወስናሉ። ቅርጾቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት የአውሮፓ ፋብሪካዎች ስለሆኑ፣ የራሱን አገር ጦር በጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የሌላውን አገር ወታደር ቆርጦና ሞርዶ ወደሚፈልገው መልክ መለወጥ ይኖርበታል። ሥራውን ከመጀመሪያው አንሥቶ አብሬ ስከታተል፣ የአንድን አገር ፈረሰኛ ከሌላው የሚለየው ከልብሱና ከቀለሙ አስቀድሞ በፈረሱ ላይ የተቀመጠበት ሁኔታ መሆኑ ደጋግሞ ስለተረጋገጠልኝ፣ ጉዳዩን ለሌሎች በሚጠቅም መልክ በዝርዝር ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የውጊያው ምርጫ

የታሪክ መምህሩ መጀመሪያ ያሰበው የእምባቦን ጦርነት ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዓባይ ማዶ በሆሮ ጉዱሩ የተጋጠሙበት ይህ ጦርነት የራስ ጎበና ፈረሰኛ ጎልቶ የወጣበት፣ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው የተማረኩበት በመሆኑ፣ ስለ ፈረሰኛ ለሚያስብ ሰው ቀዳሚ ምርጫ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ወገን የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን ስለሆኑ ሁለቱንም ጦር ከባዶ መሥራት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ሐሳቡ ወደ ሣር ውሃ ዞረ። የጎጃም ጦር በጥር 1879 ዓ.ም. መተማ ላይ የሱዳን ደርቡሾችን አዛዥ ወድ አርባብን ገድሎ ድል ካደረገ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ሠራዊት አስከትቶ መጥቶ ደምቢያ ውስጥ ሣር ውሃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፏል፤ ከዚያም አልፎ ጎንደርን አቃጥሏል። የደርቡሽ እግረኛ በ28 ሚሊሜትር መጠን በጠንካራ ፕላስቲክ ተሠርቶ ስለሚሸጥ አንዱ ወገን ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሆነ፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድም ከእርሱ ጋር አንድ ካርቶን ሁሳር የሚባሉ የናፖሊዮን ዘመን የፈረንሳይ ቀላል ፈረሰኞችን ላከ። ከሁሳሮቹ የጎጃም ፈረሰኛ ማውጣት እንግዲህ የቡድኑ ሥራ ሆነ።

የፈረሱ ቁመት

የመጀመሪያው እንቅፋት ሰውየው ሳይሆን ፈረሱ ነበር። የ28 ሚሊሜትር ቅርጽ በግምት 1 ለ56 በሆነ ሚዛን የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ቁመቱ እስከ ትከሻው 160 ሴንቲሜትር የሆነ የአውሮፓ የጦር ፈረስ በዚህ ሚዛን ወደ 29 ሚሊሜትር ይጠጋል። የሥዕል መምህሩ በገበያ ቀን ከባለቤቶቹ ፈቃድ እየጠየቀ የለካቸው የአካባቢው ፈረሶች ግን አብዛኞቹ 130 ሴንቲሜትር ገደማ ስለነበሩ፣ በጠረጴዛው ላይ ሊኖራቸው የሚገባው ቁመት 23 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የ6 ሚሊሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፈረሱ ቁመት ከ5 እጅ አንዱን ስለሚያህል፣ የደጋው ፈረሰኛ እግር ከፈረሱ ሆድ በታች ወርዶ የሚታይበትን መልክ ጨርሶ ያጠፋዋል።

ለዚህ ሁለት መንገድ ተሞከረ። አንደኛው የሁሳሮቹን ፈረሶች እግር ከጉልበቱ በታች፣ ቀጥ ባለው አጥንት ላይ ቆርጦ ማሳጠርና በቀጭን የመዳብ ሽቦ መልሶ ማያያዝ ነበር። ፈረሱ በዚህ መንገድ አጠረ፤ ደረቱና ሆዱ ግን እንደ ነበረ ስለቀረ በብርድ አገር ጋሪ የሚጎትተውን ወፍራም ድንክ ፈረስ መሰለ። የእኛ ደጋ ፈረስ አጭር ቢሆንም ደረቱ ጠባብ፣ እግሩም ቀጭን ነው። ሁለተኛውን መንገድ ያመጣው የታሪክ መምህሩ ነው። በ1 ለ72 ሚዛን በተሠሩ ቅርጾች ውስጥ 160 ሴንቲሜትር የሆነው ፈረስ 22 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይኸው 22 ሚሊሜትር በ1 ለ56 ሚዛን ሲታሰብ 123 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ትልቁን ሰው በትንሹ ሚዛን ፈረስ ላይ ማስቀመጥ፣ ቁመቱን ብቻ ሳይሆን የአጥንቱንም ቅጥነት ያለ ብዙ ድካም ያስተካክላል። ይህ ሒሳብ ከሥራው ሁሉ የተሻለው ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ሚዛን የኢትዮጵያን ፈረሰኛ ለመሥራት ለሚነሣ ማንኛውም ሰውም በልበ ሙሉነት እመክረዋለሁ።

መፍትሔው የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ሁሳሮቹ የተሠሩት ከፖሊስታይሪን ስለሆነ የፕላስቲክ ማጣበቂያው ፊቱን አቅልጦ ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋቸዋል። የ1 ለ72 ፈረሶች ግን ለስላሳና ተጣጣፊ ከሆነው ፖሊኤትሊን የተሠሩ ነበሩ፤ ይህ ፕላስቲክ ማጣበቂያም ሆነ ቀለም በቀላሉ አይቀበልም። ሱፐር ግሉ ለጊዜው የያዘ ቢመስልም በጣት ሲነካ ይላቀቃል፤ በቀጥታ የተቀባ ቀለምም እግሩ ሲታጠፍ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ቡድኑ ለማጣበቂያው የሜካኒክ ብልሃት ፈለገ፦ የጋለ የስፌት መርፌ በፈረሱ ጀርባ ላይ በማስገባት ቀዳዳ ተሠራ፤ ከሰውየው መቀመጫ የወጣ የመዳብ ሽቦም በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ኤፖክሲ በተባለ ጠንካራ ማጣበቂያ ተያዘ። ለቀለሙ ደግሞ ፈረሶቹ በፈሳሽ ሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ከፋብሪካ ቅባት ታጥበው ከደረቁ በኋላ፣ በውኃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ሁለት ጊዜ ተቀቡ። ኮላው ሲደርቅ እንደ ቆዳ አብሮ የሚተጣጠፍ ስስ ሽፋን ስለሚሆን፣ በላዩ የሚመጣው አክሪሊክ ቀለም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ከፈረሶቹ መካከል ጥቂቶቹ የፊት እግሮቻቸውን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹንም ወደ ኋላ ዘርግተው በአየር ላይ የተንሳፈፉ ነበሩ። የድሮ ሠዓሊዎች ግልቢያን እንዲህ ይሥሉት ነበር፤ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ያነሣቸው ተከታታይ ፎቶግራፎች ግን የሚጋልብ ፈረስ አራቱም ኮቴዎቹ ከመሬት የሚለቁት እግሮቹ ከሆዱ ሥር በተሰበሰቡበት ቅጽበት እንጂ በተዘረጉበት ጊዜ እንዳልሆነ አሳይተዋል። እነዚህ ፈረሶች ተለይተው ወጡ። የቀሩት ከፊሎቹ በደንገላሳ፣ ከፊሎቹ በሶምሶማ የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ጭፍራው በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ የሰልፍ ፈረሰኛ ሳይሆን እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት የሚመጣ የአገር ፈረሰኛ መሰለ፤ ይህም ለታሪኩ የቀረበ ነው።

እግርና እርካብ

የሰውየው አካል ከሁለት ምንጭ ተገጠመ። ከወገብ በታች የሁሳሩ እግሮች፣ ከወገብ በላይ ደግሞ የደርቡሽ እግረኛው ባዶ ክንድና ልል ልብስ ተወሰደ፤ በልብሱ ላይ የነበሩት የደርቡሽ ጥፎች በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ከጠፉ በኋላ፣ እንደ ሊጥ ከሚቀረጽ ኤፖክሲ በስሱ የተዳመጠ ሸማ በትከሻው ላይ ተጣለ። ፀጉራቸው ጎፈሬ የሆነ ራሶች ተመረጡ። የሁሳሩ የበግ ቆዳ የኮርቻ ልብስና ከኋላው የታሰረው ጥቅል ተቆርጦ ወጣ፤ በምትኩ የፊቱና የኋላው እንጨት ከፍ ያለ የአገራችን ኮርቻ ተሠራ። የሰውየው ጭን ለትንሹ ፈረስ ሰፊ ስለነበር፣ የፈረሱ ጎን ከኮርቻው ሥር በኤፖክሲ አንድ ሚሊሜትር ያህል እንዲሞላ ተደረገ። የመጀመሪያው ፈረሰኛ እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ሁሉም የተጠናቀቀ መሰላቸው።

በዚያው ሰሞን መምህሩ ወደ እንጅባራ የሚሄድበት ጉዳይ ስለነበረው ቅርጹን ይዞት ሄደ። እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብርባት ከተማ ናት፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ፈረሶች በዓድዋ ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ ያደርጋል። በዚያ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የኮርቻ ባለሙያ ቅርጹን በእጃቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ካዩት በኋላ፣ “መምህር፣ ፈረሱስ የእኛ ነው፤ ሰውየው ግን ፈረንጅ ነው። እግሩን ይዩት እንጂ!” አሉ። ከዚያም ከጓዳ ከሰቀሉት አሮጌ ዕቃ መካከል የእግር አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ የብረት ቀለበት አውጥተው አሳዩት።

የባለሙያው ትችት ትክክል ነበር። የአውሮፓው ፈረሰኛ ጫማውን እስከ መሐል እግሩ በሰፊ እርካብ ያስገባል፤ ተረከዙንም ወደ ታች ይጫናል። የደጋው ኢትዮጵያዊ ፈረሰኛ ግን በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ በቀለበቱ ስለሚያስገባ፣ ተረከዙ አይወርድም፤ የእግሩ ጣቶች ይዘረዘራሉ፤ ሰውነቱን የሚይዘውም ከእርካቡ ይልቅ ከፍ ያለው ኮርቻና የጭኑ አያያዝ ነው። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች ይህን የጣት እርካብ በየማስታወሻቸው መዝግበውታል። እንግዲህ አንድ ቅርጽ ሸማ ለብሶ፣ ጋሻ አንግቦ፣ ጎፈሬ ቢኖረውም እግሩ ቦት ጫማ እንዳጠለቀ ሰው ከተጫነ፣ ፈረስ የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይለየዋል። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያሉ አንዳንድ የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ሞዴሎች ይህንኑ ጉድለት ስለሚጋሩ፣ የዚህን አዛውንት አስተያየት ከማንኛውም የቀለም መመሪያ አስበልጬ አየዋለሁ።

ማስተካከያው ከሁሉ ረቂቁ ሥራ ነበር። የሁሳሩ ቦት ከቅልጥሙ አጋማሽ ተቆርጦ ወጣ፤ ከሽቦ በተሠራ አጥንት ላይ በኤፖክሲ ባዶ እግር ተቀረጸ፤ ኤፖክሲው ሳይጠነክር ጣቶቹ በምላጭ ጫፍ ተለዩ። እርካቡ ከመብራት ገመድ ውስጥ ከወጣች 0.2 ሚሊሜትር የምትወፍር ነጠላ የመዳብ ክር በቀጭን የስፌት መርፌ ላይ ተጠቅልላ ተሠራች፤ በሚዛኑ ሲታሰብ ይህ ከ1 ሴንቲሜትር ትንሽ የሚበልጥ ውፍረት ያለው ብረት ነው። አንዳንዱ የቡድኑ አባል ከአንድ ሜትር ርቀት የማይታይ ነገር ላይ ይህን ያህል ጊዜ ማጥፋት ተገቢ አይደለም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ቀለበቷ ራሷ በእርግጥ ከሩቅ አትታይም፤ ተረከዙ ወደ ላይ በመመለሱ ምክንያት የጉልበቱ አቀማመጥ፣ የወገቡ አያያዝና የሰውየው ዘንበል ማለት ሁሉ ስለተለወጠ ግን፣ ለውጡ ከጠረጴዛው ማዶ እንኳ ይታወቅ ነበር።

የመሣሪያው አያያዝም ከዚሁ ጋር ታረመ። ሁሳሩ ጎራዴውን በግራ ጎኑ ሲታጠቅ ኢትዮጵያዊው በቀኝ ይታጠቃል፤ ስለዚህ አፎቱ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ጦሩ ከ0.5 ሚሊሜትር ሽቦ 36 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ተቆረጠ፤ ይህም በእውነተኛው መጠን 2 ሜትር ነው፤ ጫፉ በመዶሻ ተደብድቦ በሞረድ ተሳለ። የአውሮፓ ጦረኛ ጦሩን በብብቱ አጣብቆ ይወጋል፤ እነዚህ ግን ክንዳቸው ከራሳቸው በላይ ተነሥቶ፣ ጦሩን ከመሐሉ ይዘው ሊወረውሩ ሲሉ የተቀረጹ ናቸው። አቋቋሙ የተጠናው በገናና በጥምቀት ሰሞን ከሚደረገው የጉግስ ጨዋታ ነው፤ ከ12ቱ አንዱ እንዲያውም፣ በጉግስ የሚሸሽ ሰው እንደሚያደርገው፣ ጋሻውን ወደ ጀርባው መልሶ ዞር ብሎ የሚያይ ሆኖ ተሠራ። በእኔ አመለካከት ከሁሉ የተዋጣለት እርሱ ነው።

ጋሻው 50 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆዳ ተብሎ ስለታሰበ በሚዛኑ 9 ሚሊሜትር ይሆናል። የቢሮ ወረቀት መብሻ የሚያወጣው ክብ 6 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ክቦቹ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በቆዳ መብሻ ተመቱ፤ ከዚያም በወፍራም ጎማ ላይ ተቀምጠው በኩሽኔታ ኳስ ሲጫኑ የመሐላቸው እብጠት ወጣ።

ማዕረግን በሚመለከት በሁለቱ መምህራን መካከል ክርክር ነበር። የሥዕል መምህሩ ሁሉም ፈረሰኞች የአንበሳ ጎፈር እንዲደረግላቸውና ጋሻቸው በከፋይና በብር እንዲያጌጥ ፈለገ፤ ሲታዩ ያምራሉና። የታሪክ መምህሩ ግን ጎፈር፣ ለምድና ያጌጠ ጋሻ ለጀግንነትና ለሹመት የሚሰጥ ክብር እንጂ የተራ ወታደር ልብስ እንዳልሆነ ገልጾ፣ ለአለቃው ብቻ እንዲሆን አሳመነ። የተቀሩት 11 ጋሻዎች ያለ ጌጥ በጥቁር ቡና ዓይነት ቀለም ተቀቡ። ውሳኔው ታሪክን ከመጠበቁም ሌላ፣ በጨዋታው ላይ አለቃው ከሩቅ እንዲለይ ረድቷል።

ቀለም

ከቀለሙ ሥራ የሚከብደው ነጩ ሸማ ነው። ንጹሕ ነጭ ቀለም በቀጥታ ሲቀባ እጥፋቱን ሁሉ ይደፍናል፤ ቅርጹም ጂፕሰም የተለሰነ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞቅ ያለ ግራጫ ከጥቂት ቡናማ ጋር ተደባልቆ በሙሉ ተቀባ፤ ቀጥሎ ከጥልቁ እጥፋት በስተቀር የዝሆን ጥርስ ዓይነት ቀለም ተደረበ፤ ንጹሕ ነጭ የተነካው በትከሻና በጉልበት ላይ ብርሃን በሚያርፍባቸው ጠርዞች ብቻ ነው። ከ12ቱ ሦስቱ ቀይ ጥለት ተደረገላቸው። ለቆዳ ቀለም የሥዕል መምህሩ ጥቁር ከመጨመር ይልቅ ጥልቅ ቡናማን በቀይ አፈር ዓይነት ቀለም ማሞቅን መረጠ፤ ጥቁር የጨመሩበት ፊት ሕይወት ያጣል የሚለው አስተያየቱ በሥራው ተረጋግጧል።

ለፈረሶቹ የተመረጠው መንገድ የዘይት ቀለም ነበር። ፈረሱ በአክሪሊክ ደማቅ ብርቱካናማ ቡና ዓይነት ከተቀባና ከደረቀ በኋላ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በሙሉ ይለቀለቃል፤ ከዚያም በስፖንጅ ቁራጭ ከደረቱ፣ ከሽንጡና ከማጅራቱ ላይ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። በጡንቻዎቹ መካከል የቀረው ቀለም ጥላውን ራሱ ይሠራል፤ የተጠረገውም ቦታ የፈረስ ጸጉር የሚመስል ልስላሴ ያገኛል። ዳማዎቹ ጋማቸው፣ ጭራቸውና የእግራቸው ታችኛ ክፍል ጥቁር ሆነ፤ አምባላዮቹ ነጭ ቢሆኑም አፍንጫቸውና የዓይናቸው ዙሪያ ጠቆር ያለ ግራጫ ተደረገ፤ ሁለቱ በግንባራቸው ነጭ ምልክት ወጥቶላቸው ቦራ ሆኑ። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ስለሚፈልግ ሥራው የሚሄደው ፈረሶቹን ተራ በተራ በመያዝ ነው።

መጨረሻ የሚቀባው የማያብረቀርቅ (ማት) ቫርኒሽ በተለይ መጠንቀቅ ያሻዋል። በክረምት የደብረ ማርቆስ አየር እርጥበት የተሞላ ስለሆነ በቆርቆሮ የሚረጨው ቫርኒሽ ከአየሩ እርጥበት ይዞ በመድረቅ ነጭ ጭጋግ ይፈጥራል፤ ጥቁር ጋማ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በክረምት በብሩሽ የሚቀባ ቫርኒሽ ብቻ ሥራ ላይ ዋለ፤ የሚረጨው ለበጋ እኩለ ቀን ተተወ።

እያንዳንዱ ፈረሰኛ 25 በ50 ሚሊሜትር በሆነ መቆሚያ ላይ ቆመ። ውጊያው በጥር የተደረገ በመሆኑ መሬቱ አረንጓዴ ሊሆን አይገባም፤ ጥቁር አፈሩ በደቀቀ አሸዋና በኮላ ተሠርቶ፣ በላዩ በቢጫ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ተነሰነሰ። ፈረሰኞቹ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ሳይሆን ተራርቀው እንዲሰለፉ ስለተፈለገ ጭፍራው በጠረጴዛው ላይ ሰፊ ቦታ ይይዛል። በጨዋታው ሕግም ጦር ወርውሮ ወደ ኋላ የሚመለስ ቀላል ፈረሰኛ ሆኖ ተመድቧል። በሬሚንግተን ጠበንጃ የታጠቀውን የደርቡሽ እግረኛ ፊት ለፊት ሲገጥም ይጎዳል፤ ከጎን ሲመጣ ግን እጅግ አስፈሪ ነው።

አሁን በእጅ ያለው ሥራ የንጉሡ ማዘዣ ቡድን ነው። መኳንንቱ በጉዞ ላይ በበቅሎ እየተቀመጡ የጦር ፈረሳቸውን ያስስቡ ስለነበር፣ ነጋሪቱም በበቅሎ ላይ ተጭኖ ስለሚመታ፣ ቡድኑ በቅሎዎች ያስፈልጉታል። መምህሩ ለዚህ ያሰበው ተርፈው የቀሩትን የሁሳር ፈረሶች ነው፤ ጆሯቸውን በኤፖክሲ ማስረዘም፣ ጋማቸውን አሳጥሮ መሞረድ፣ ጭራቸውንም ከሥሩ ማቅጠን ይጠይቃል። ቁመታቸው ለበቅሎም ቢሆን ስለሚበዛ፣ ለፈረስ ያልሆነው እግር የማሳጠር ዘዴ እዚህ ላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ወፈር ያለ ሆድ ለጭነት በቅሎ ነውር አይደለምና።